የአንጎል ምትና የሥራ ትውስታ፦ ምንነት፣ አሠራር እና የጤና አገልግሎት

የሥራ ትውስታ ማለት የሰው ልጅ አንድን መረጃ ለጥቂት ሰኮንዶች በአእምሮው ይዞ የሚጠቀምበት ችሎታ ነው። በስልክ የተነገረ ቁጥር ተጽፎ እስኪያልቅ፣ የተጀመረ ዓረፍተ ነገር እስኪቋጭ፣ የሐኪም ትእዛዝ ተሰምቶ እስኪመዘገብ ድረስ መረጃው የሚቆየው በዚህ ችሎታ ነው። የነርቭ ሳይንስ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ አንጎል ይህን ተግባር ሲያከናውን የነርቭ ሴሎቹ በጊዜ ተቀናጅተው፣ ማለትም በምት ይሠራሉ። ይህ ቅንጅት በእንቅልፍ እጦት፣ በሕመም፣ በአንዳንድ መድኃኒቶችና አነቃቂ ወይም አደንዛዥ በሆኑ ነገሮች ሊዛባ ይችላል። በመሆኑም የመርሳት ችግር የስንፍና ወይም የዕድሜ ውጤት ብቻ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። በርካታ መንስኤዎቹ በምርመራ የሚታወቁና በሕክምና የሚስተካከሉ ናቸው።

ከዚህ በታች የሥራ ትውስታ ምንነት፣ የአንጎል ምት የሚሰጠው ድጋፍ፣ የአንጎል ሞገድ ምርመራ ጥቅምና ወሰን እንዲሁም ችግሩ ያጋጠመው ሰው አገልግሎት የሚያገኝበት መንገድ በቅደም ተከተል ቀርቧል።

የሥራ ትውስታ ምንድን ነው?

በገበያ 3 ኪሎ ሽንኩርት በኪሎ 45 ብር ሒሳብ የገዛ ሰው 135 ብር እንደሚከፍል ያሰላል፤ 200 ብር ከሰጠም 65 ብር መልስ ይጠብቃል። ስሌቱ እስኪያልቅ ድረስ የኪሎው ብዛት፣ ዋጋውና የተገኘው ድምር በአንድነት በአእምሮ መያዝ አለባቸው። መልሱን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ግን ቁጥሮቹ ቦታቸውን ለሌላ ጉዳይ ይለቃሉ። የሥራ ትውስታ እንዲህ ያለ፣ ይዞ የሚሠራና ሥራው ሲያልቅ የሚለቅ ችሎታ ነው። እንግሊዛውያኑ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አለን ባድሊ እና ግራሃም ሂች እ.ኤ.አ. በ1974 ያቀረቡት ማብራሪያም ይህን ችሎታ መረጃ ከሚከማችበት ቦታ ይልቅ አእምሮ ከሚሠራበት ቦታ ጋር አመሳስሎታል።

የሥራ ትውስታ የመያዝ አቅም ውስን ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ጽሑፍ የአቅሙን መጠን ወደ 7 ነገሮች አስጠግቶት ነበር። ኔልሰን ኮዋን የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2001 ባቀረበው ግምገማ ደግሞ ሰው በውስጡ መድገምንና ማቧደንን ሳይጠቀም በአንድ ጊዜ የሚይዘው ወደ 4 የሚጠጉ ነገሮችን መሆኑን አመልክቷል። ባለ 10 አኃዝ የስልክ ቁጥር በሁለትና በሦስት አኃዝ ተከፋፍሎ ሲነገር የሚቀለው በዚህ ምክንያት ነው።

ለጤና ባለሙያ ችግርን በትክክል ለማስረዳት የሚከተሉትን ሦስት ሁኔታዎች ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል።

• የሥራ ትውስታ ችግር፦ ሰውየው አሁን የተነገረውን ቁጥር ወይም ትእዛዝ ሳይፈጽመው ይጠፋበታል፤ የጀመረው ንግግር ወይም ስሌት መሐል ላይ ይቋረጥበታል።
• የቅርብ ጊዜ ትውስታ ችግር፦ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በፊት የሆነውን አያስታውስም፤ ተመልሶ የመጣ ጥያቄን እንደ አዲስ ደጋግሞ ይጠይቃል።
• የረጅም ጊዜ ትውስታ ችግር፦ ቀድሞ በሚገባ የሚያውቃቸውን ሰዎች፣ ቦታዎች ወይም የሥራ ሙያዎች ይረሳል።

እነዚህ ችግሮች በአንድ ሰው ላይ ተደራርበው ሊታዩም ይችላሉ። ሆኖም መንስኤያቸውና የሕክምና መንገዳቸው ሊለያይ ስለሚችል ለይቶ መናገሩ ምርመራውን ያፋጥናል።

የአንጎል ምት ምንድን ነው?

የነርቭ ሴሎች እርስ በርስ መልእክት የሚለዋወጡት በኤሌክትሪክና በኬሚካል አማካይነት ነው። እጅግ ብዙ ሴሎች በአንድ ጊዜ ሲነቃቁና በአንድ ጊዜ ሲያርፉ የሚፈጥሩት ኤሌክትሪክ ከራስ ቅል ውጭ እስከመለካት ይደርሳል። መጠኑ እጅግ አነስተኛ ሲሆን የሚለካውም በማይክሮቮልት፣ ማለትም በቮልት አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ከፍና ዝቅ እያለ የሚደጋገመው ይህ እንቅስቃሴ የአንጎል ምት ወይም የአንጎል ሞገድ ይባላል።

በጀርመን የና ከተማ ይሠራ የነበረው የአእምሮ ሐኪም ሃንስ በርገር የሰውን የአንጎል ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1924 መዝግቦ፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1929 አሳትሟል። በርገር ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲያርፍ ጎልቶ የሚታየው ሞገድ ዓይኑን ሲገልጥ እንደሚቀንስ ተመልክቷል። ዛሬ በሕክምና ተቋማት የሚሰጠው የአንጎል ሞገድ ምርመራ ወይም ኢኢጂ የተገኘው ከዚህ ሥራ ነው።

የአንጎል ሞገዶች በሰኮንድ ውስጥ በሚደጋገሙበት ብዛት ይመደባሉ። የምድቦቹ ወሰን ከመጽሐፍ መጽሐፍ በጥቂቱ ቢለያይም የተለመደው አከፋፈል የሚከተለው ነው።

• ዴልታ፦ በሰኮንድ ከ4 ጊዜ በታች፤ በከባድ እንቅልፍ ጊዜ ይበዛል።
• ቴታ፦ በሰኮንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ፤ በእንቅልፍ መጀመሪያና መረጃን በአእምሮ ለመያዝ በሚደረግ ጥረት ወቅት ይታያል።
• አልፋ፦ በሰኮንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ፤ ዓይን ተጨፍኖ በንቃት በሚታረፍበት ጊዜ ጎልቶ ይወጣል።
• ቤታ፦ በሰኮንድ ከ13 እስከ 30 ጊዜ፤ ከንቃትና ከእንቅስቃሴ ቁጥጥር ጋር ይያያዛል።
• ጋማ፦ በሰኮንድ ከ30 ጊዜ በላይ፤ በአንድ አካባቢ ያሉ ሴሎች አንድን መረጃ በጋራ ሲያስተናግዱ ይታያል።

ምቱ የሥራ ትውስታን እንዴት ይደግፋል?

አንደኛው ድጋፍ ቅደም ተከተልን መጠበቅ ነው። በአንድ ሙቀጫ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች በየዘነዘናቸው ሲወቅጡ እያንዳንዱ ተራውን ጠብቆ ስለሚያወርድ ዘነዘናዎቹ አይጋጩም። ምቱ ከተዛባ ግን ይጋጫሉ፤ እህሉም ይበተናል። አንጎልም በአንድ ጊዜ የተያዙ ነገሮችን በተመሳሳይ መንገድ እንደሚያፈራርቅ የሚያስረዳ መላ ምት አለ። ጆን ሊስማን እና ማርኮ ኢዲያርት እ.ኤ.አ. በ1995 ባቀረቡት በዚህ መላ ምት መሠረት፣ እያንዳንዱ የተያዘ ነገር በአንድ ፈጣን የጋማ ምት ይወከላል፤ ተከታታይ የጋማ ምቶች ደግሞ ዘገም ባለው የቴታ ምት ውስጥ ተራ ይዘው ይሰለፋሉ። በሰኮንድ 6 የቴታና 40 የጋማ ምቶች ቢኖሩ በአንዱ ቴታ ውስጥ የሚገቡት ጋማዎች ከ6 እስከ 7 ብቻ ናቸው። የሥራ ትውስታ አቅም ውስን የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን እንደሚችል መላ ምቱ ያመለክታል።

ይህን ግምት የሚደግፍ ማስረጃ የተገኘው ለሚጥል በሽታ ሕክምና ሲባል ኤሌክትሮድ በአንጎላቸው ውስጥ ከተተከለላቸው ታካሚዎች ነው። ሂፖካምፐስ ከተባለው የአንጎል ክፍል በተወሰደውና እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው ምዝገባ፣ ታካሚዎቹ የሚይዟቸው ነገሮች በበዙ ቁጥር ፈጣኑን ሞገድ የሚመራው ዘገምተኛ ምት ይበልጥ እየዘገመ ሄዷል። ዘገምተኛው ምት ሲረዝም ብዙ ነገሮችን ለማሰለፍ የሚበቃ ጊዜ ይገኛል።

ሁለተኛው ድጋፍ ረባሽ ነገርን መከላከል ነው። ሰው አንድን ዝርዝር ይዞ በሚቆይበት ጊዜ ከአንጎል የኋላ ክፍል የሚመዘገበው የአልፋ ሞገድ ከሸክሙ ጋር አብሮ እንደሚጨምር በተለያዩ ጥናቶች ታይቷል። ተመራማሪዎች ይህን የሚተረጉሙት በወቅቱ የማይፈለግ ድምፅ ወይም ምስል ወደ ውስጥ እንዳይገባ በር እንደ መዝጋት አድርገው ነው።

ሦስተኛው ድጋፍ ተራርቀው ያሉ የአንጎል ክፍሎችን ማገናኘት ነው። በግንባር በኩል ያለው የአንጎል ክፍል ትኩረትን ይመራል፤ በጎንና በኋላ ያሉት ክፍሎች ደግሞ የድምፁን፣ የምስሉንና የቦታውን ዝርዝር ይዘዋል። የሚያዘው መረጃ ሲከብድ በግንባሩ መሐል የሚመዘገበው የቴታ ሞገድ ይጠነክራል። የሁለቱ ክፍሎች ምት ሲገጥም መልእክቱ ተቀባዩ ዝግጁ በሆነበት ቅጽበት ስለሚደርስ ሳይባክን ያልፋል።

በዚህ ዘርፍ ያለው ዕውቀት በመዳበር ላይ ነው። አንዳንድ ተመራማሪዎች ሴሎች መረጃውን ያለማቋረጥ በመነቃቃት ይይዙታል ሲሉ፣ ሌሎች መረጃው የሚታደሰው በአጫጭርና በሚቆራረጡ የጋማ ፍንጣቂዎች ነው ይላሉ። በሁለቱም አስተያየቶች ግን መረጃን ይዞ መቆየት አንጎል ጉልበት የሚያወጣበት ሥራ ነው።

የሥራ ትውስታን የሚያዳክሙ ሁኔታዎች

ይዞ መቆየት ሥራ በመሆኑ የአንጎልን ዕረፍት፣ ምግብ፣ ኦክስጅን ወይም ጤና የሚነካ ነገር ሁሉ ሊያዳክመው ይችላል። በብዛት የሚያጋጥሙና መፍትሔ ያላቸው ሁኔታዎች የሚከተሉት ናቸው።

• የእንቅልፍ እጦት፦ ከሌሊት ሥራ፣ ከጭንቀት፣ ጫት ከመቃም ወይም በእንቅልፍ ጊዜ ከሚያጋጥም የአተነፋፈስ መቋረጥ ሊመጣ ይችላል። ጫት አነቃቂ ንጥረ ነገር ስላለው እንቅልፍን ያውካል።
• ድብርትና የጭንቀት ሕመም፦ አእምሮ በሐሳብ ስለሚያዝ አዲስ መረጃ የሚያርፍበት ቦታ ይጠባል። በዕድሜ የገፋ ሰው ድብርት አንዳንድ ጊዜ በስህተት እንደ መርሳት በሽታ ይቆጠራል።
• የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ማነስ እና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፦ በደም ምርመራ ይታወቃሉ፤ ሕክምናም አላቸው።
• መድኃኒቶች፦ አንዳንድ የማስታገሻ፣ የእንቅልፍና የአለርጂ መድኃኒቶች ትኩረትን ይቀንሳሉ። ይህ ሲያጋጥም መድኃኒቱን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ አይገባም፤ ለሐኪም መንገር ይገባል።
• አልኮል አብዝቶ መጠጣት፦ ትኩረትንና ትውስታን በጊዜያዊነትም በዘላቂነትም ይጎዳል።
• የከሰል ጭስ፦ በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ሽታ የሌለው ጋዝ ያወጣል። ጋዙ አንጎል ኦክስጅን እንዳያገኝ ስለሚያደርግ ሕይወትን ያጠፋል፤ በሕይወት የተረፈንም ሰው ትውስታ ሊጎዳ ይችላል።
• የጭንቅላት ጉዳት፣ ስትሮክ፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ እና የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመም ቁጥጥር ማጣት።

በልጆች ላይ የሚታይ አንድ ሁኔታ የተለየ ትኩረት ይሻል። በክፍል ውስጥ በድንገት ለጥቂት ሰኮንዶች የሚፈዝ፣ ሲጠሩት የማይሰማ፣ ከዚያም ምንም እንዳልሆነ ሥራውን የሚቀጥል ልጅ ትምህርት የማይወድ ወይም ሰነፍ ተደርጎ ሊታይ ይችላል። ይህ ሁኔታ በቀን ብዙ ጊዜ የሚደጋገም ከሆነ መንፈራገጥ የሌለው የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊሆን ይችላል። የዚህ ሕመም ምልክት በኢኢጂ ላይ በሰኮንድ ወደ 3 ጊዜ በሚደጋገም ሹል ሞገድ በግልጽ ይታያል፤ ሕክምናም አለው። ወላጆችና መምህራን ልጁን ከመቅጣት በፊት ወደ ጤና ተቋም ሊወስዱት ይገባል።

የአንጎል ሞገድ ምርመራ ምን ያሳያል? ምን አያሳይም?

ኢኢጂ በዋነኛነት የሚያገለግለው የሚጥል በሽታን ዓይነት ለመለየት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የንቃት መቀነስን ለመመርመርና የአንጎልን አጠቃላይ አሠራር ለመገምገም ነው። ምርመራው ወደ አንጎል ኤሌክትሪክ አያስገባም፤ ከአንጎል የሚወጣውን ብቻ ይመዘግባል። ሕመም የለውም፤ የሰውን ሐሳብም አያነብም።

የአንድን ሰው የሥራ ትውስታ ጥንካሬ በኢኢጂ ወረቀት ላይ ማንበብ አይቻልም። በምርምር የሚታዩት የቴታና የጋማ ግንኙነቶች የሚገኙት ብዙ ሰዎች አንድን ፈተና ደጋግመው ሲሠሩ የተመዘገበው ተሰብስቦ በስሌት ከተተነተነ በኋላ ነው። ስለዚህ ለመርሳት ችግር ኢኢጂ ማሠራት የመጀመሪያ እርምጃ አይደለም። መደበኛ ውጤት ያለው ኢኢጂም የሚጥል በሽታ ወይም የመርሳት ችግር አለመኖሩን ብቻውን አያረጋግጥም። ምርመራው የሚያስፈልገው ሐኪም የታካሚውን ታሪክ ሰምቶና አካላዊ ምርመራ አድርጎ ሲያዝ ነው።

ኢኢጂ የታዘዘለት ሰው የሚከተሉትን ዝግጅቶች ያደርጋል።

• ጸጉሩን በሳሙና አጥቦ ያደርቃል፤ ቅባት፣ ቅቤ ወይም ጄል አይቀባም።
• የተሠራ ሹሩባ ወይም የተጨመረ ጸጉር ኤሌክትሮዱ ቆዳ እንዳይነካ ስለሚያግድ መፈታት ያስፈልገው እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቃል።
• በሐኪም ካልታዘዘ በስተቀር የሚወስደውን መድኃኒት አያቋርጥም፤ የመድኃኒቱን ስምና መጠን ይዞ ይቀርባል።
• ባለሙያው ካላዘዘ በስተቀር ምግብ አይከለከልም፤ በምርመራው ቀን ቡናና ሌሎች አነቃቂዎችን ግን አይወስድም።
• የሌሊት እንቅልፍ እንዲቀንስ ከታዘዘ ትእዛዙን ይፈጽማል፤ ወደ ምርመራው የሚመጣው ግን ከአጃቢ ጋር ነው።

ምዝገባው ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ይወስዳል። በመሐሉ ዓይን መግለጥና መጨፈን፣ በጥልቀት መተንፈስ ወይም ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን መመልከት ሊጠየቅ ይችላል።

አንጎልን በኤሌክትሪክ ስለማነቃቃት

በአሜሪካ የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 76 ዓመት የሆኑ 42 ሰዎችና ከ20 እስከ 29 ዓመት የሆኑ 42 ሰዎች ተሳትፈዋል። በአረጋውያኑ የግንባርና የጎን የአንጎል ክፍሎች ላይ ምታቸውን የሚያገጥም ደካማ ኤሌክትሪክ ለ25 ደቂቃ ሲሰጥ የሥራ ትውስታ ውጤታቸው ወደ ወጣቶቹ ተጠግቷል፤ ለውጡም ማነቃቃቱ ካበቃ በኋላ ለ50 ደቂቃ ያህል ሲቆይ ታይቷል። ግኝቱ ከዕድሜ ጋር የሚመጣው ድክመት በከፊል ከምት አለመግጠም ጋር የተያያዘ መሆኑን ያመለክታል።

ይሁን እንጂ ይህ በቤተ ሙከራ ውስጥ የተገኘና ለአጭር ጊዜ የተለካ ውጤት እንጂ ለመርሳት በሽታ የተረጋገጠ ሕክምና አይደለም። የማስታወስ ችሎታን ይጨምራሉ ተብለው የሚሸጡ መሣሪያዎችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ በጭንቅላት ላይ መጠቀም፣ በተለይም የሚጥል በሽታ ላለበት ወይም በሰውነቱ ውስጥ የብረት ወይም የኤሌክትሪክ መሣሪያ ለተተከለለት ሰው፣ አደጋ ሊያስከትል ይችላል።

አገልግሎት ለማግኘት

የመርሳት ወይም ትኩረት የማጣት ችግር ለሳምንታት የቆየበት፣ እየባሰ የሄደበት ወይም ሥራውንና የዕለት ኑሮውን ያወከበት ሰው በቅድሚያ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ይቀርባል። በገጠር የሚኖር ተገልጋይ በጤና ኬላ የሚገኝ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያን ማማከር ይችላል። ጤና ጣቢያው እንደ ሁኔታው የደም ምርመራ ያደርጋል፤ የድብርትና የእንቅልፍ ሁኔታን ይገመግማል፤ የሚወሰዱ መድኃኒቶችንም ይመለከታል። ተጨማሪ ምርመራ ካስፈለገ በሪፈራል ወረቀት ወደ ሆስፒታል ይልካል። በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የታቀፈ ተገልጋይ የአባልነት መታወቂያውን ይዞ የሪፈራል ቅደም ተከተሉን መከተል ይኖርበታል።

ተገልጋዩ ችግሩ መቼ እንደጀመረ፣ በድንገት ወይም ቀስ በቀስ እንደመጣ፣ እንቅልፉ እንዴት እንደሆነና ምን ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ጽፎ ቢይዝ ይመከራል። የዕለት ሁኔታውን የሚያውቅ የቤተሰብ አባል አብሮት ቢገኝ ለሐኪሙ የሚሰጠው መረጃ ይሟላል።

የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ ተራ ሳይጠበቅ በአስቸኳይ ወደ ድንገተኛ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።

• በድንገት ግራ መጋባት፣ የንግግር መያያዝ፣ የፊት መጣመም ወይም የአንድ ጎን እጅና እግር መድከም፤
• ከትኩሳት ወይም ከኃይለኛ ራስ ምታት ጋር የመጣ ግራ መጋባት፤
• ከጭንቅላት ምት በኋላ የታየ መርሳት፣ ማስመለስ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፤
• ከ5 ደቂቃ በላይ የቆየ ወይም ሰውየው ሳይነቃ የተደጋገመ መንፈራገጥ፤
• ከሰል በነደደበት ቤት ውስጥ የታየ ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ራስን መሳት።

በሚጥል በሽታ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ጸበል በሚጠመቅበት ወይም በሚጾምበት ጊዜም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ መውሰድ አለበት። የመውሰጃ ሰዓቱን ማስተካከል ከፈለገ ሐኪሙን ያማክራል።

የሐኪምን ትእዛዝ በትክክል ይዞ ስለመሄድ

በጤና ተቋም ውስጥ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ ሰዓቱ፣ ከምግብ በፊት ወይም በኋላ መወሰዱና የቀጠሮው ቀን በአንድ ጊዜ ይነገራሉ። ይህ ብቻ 5 ነገር ነው። በሕመም፣ በድካም ወይም በልጁ መታመም የተጨነቀ ሰው ይህን ሁሉ በቃል ይዞ እንዲሄድ አይጠበቅም። ስለዚህ ተገልጋዩ ትእዛዙ ቀስ ተብሎ እንዲደገምለት፣ በመድኃኒቱ ፖስታ ላይ በግልጽ እንዲጻፍለትና የተረዳውን በራሱ አነጋገር መልሶ ተናግሮ እንዲታረምለት መጠየቅ ይችላል። ማንበብ የማይችል ከሆነ በምልክት እንዲሣልለት ወይም ለአጃቢው እንዲነገርለት ይጠይቃል። ደግሞ መጠየቅ የተገልጋይ መብት ነው፤ በስህተት የተወሰደ መድኃኒት ከሚያስከትለው ጉዳትም ያድናል።